መከታን የገደለው የከረጢት ምግብ ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የማማክርዎ ነገር ለሌላ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። እማዬን ከማቻከል ወደ ቤቴ ሳመጣት «የአባትሽን ውሻ ጥዬ ንቅንቅ አልልም» ብላ መከታን ይዛው መጣች። መከታ ገጠር እያለ የተገኘውን ነበር የሚበላው፤ እንጀራ፣ የቂጣ ፍርፋሪ፣ አጓት፣ በግ ሲታረድ ደግሞ ሳንባና አንጀት። ታናሽ ወንድሜ ውጭ አገር ነው የሚኖረው። እንስሳ ሲወድ ለጉድ ነው። «የወጥ ትርፍራፊ አትስጧቸው፣ ይጎዳቸዋል» ብሎ ከአዲስ አበባ የታሸገ ደረቅ ምግብ በከረጢት ያስልክልን ጀመር። መከታም ድመታችን ነብሮም ወዲያው ለመዱት። መከታ ፀጉሩ አምሮ፣ ወዙ ተመልሶ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን ነገሩ ተለወጠ። ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም፣ ያስመልሰዋል፣ አፉ ይሸታል፣ ከሳ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ዕድሜው 12 ገደማ ነበር። እማዬ ጎረቤት ፊት «አንች ልጅ፣ በዚህ በፈረንጅ ቆሎ ጨረስሽብኝ» አለችኝ። ያን ቃል መቼም አልረሳውም።

እውነቱን ለመናገር እኔም እጠራጠራለሁ። ኅዳር ላይ የወንድሜ ከረጢት ስለዘገየ፣ እዚሁ ከተማ በኪሎ እየተመዘነ በፌስታል የሚሸጥ ምግብ ገዝቼ ሰጥቼው ነበር። አሁን ጎረቤት አንድ ቡችላ ሰጥቶናል። እማዬ «ከረጢቱን ዓይኔ አይየው» ብላ ለቡችላውም ለነብሮም ከወጡ እየጨለፈች ትሰጣቸዋለች። ባለቤቴ «በዚህ ኑሮ ለውሻ ይህ ሁሉ ብር!» ይላል። ወንድሜ ብናቆም ይቀየማል። ሁዳዴም እየመጣ ነው። ነብሮ ደግሞ ሰሞኑን ሊሸና ይቀመጥና ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ይጮሃል፣ የሚወጣው ጠብታ ነው። እማዬ «እሱንም ሊጨርሰው ነው» ትላለች።

መከታን የገደልኩት እኔ ነኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?

ገ. ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐዘንሽ ተራ አይደለም። የአባትሽ ውሻ ነበር፤ ከአባትሽ ቤት ተነሥቶ እናትሽን ተከትሎ የመጣ። እንዲህ ያለ እንስሳ ሲሞት ቤት ውስጥ የሚጎድለው አንድ ውሻ ብቻ አይደለም።

ስለ ነብሮ የጻፍሽውን እንዳነበብኩ፣ ይህ ዓምድ እስኪወጣ ሳልጠብቅ ወዲያው መልእክት ልኬልሻለሁ። በማግስቱ ክሊኒክ ወስደሽው ፊኛው እንደተከፈተለት ስትነግሪኝ እፎይ አልኩ። ሌሎችም ስለሚያነቡት እዚህ ልድገመው። ወንድ ድመት ሊሸና ተቀምጦ እያማጠ ጠብታ ብቻ ከወጣው፣ ወይም ጭራሽ ካልወጣው፣ ነገ ይታያል አይባልም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ናት። ደቃቅ ጠጠር ወይም ዝልግልግ ነገር ይዘጋታል። ሽንቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ደሙ ይመረዛል፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት ሲያጠጣ ጊዜው ያልፋል።

እዚህ ላይ እናትሽ በከፊል ልክ ናቸው። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው። በቆርቆሮ የሚመጣው እርጥቡ ምግብ ግን ከ75 በመቶ በላይ ውሃ አለው። ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ መጠጣት ላይ ሰነፍ ናት፤ የሚያስፈልጋትን ውሃ በአብዛኛው ከምትበላው ሥጋ እንድታገኝ ሆና ነው የተፈጠረችው። ስለዚህ ደረቁን ብቻ የሚበላ፣ ከቤት የማይወጣና የወፈረ ወንድ ድመት ለዚህ ችግር ቅርብ ነው። መፍትሔው ከረጢቱን መጣል ላይሆን ይችላል። ምግቡን ለብ ባለ ውሃ አርሺለት። ውሃ በሁለት በሦስት ቦታ አስቀምጪለት፤ ከምግቡ ሳህን ራቅ አድርጊው። ጨውም ሽንኩርትም ያልገባበት የሥጋ መረቅ ካለሽ ጠብ አድርጊበት። ሐኪሙ ለሽንቱ ብሎ የተለየ ምግብ ካዘዘለት ግን የእሱን ተከተይ።

አሁን ወደ መከታ ልመለስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያየው ሐኪምም የለም። የጻፍሽልኝ ምልክት ግን፣ ውሃ ያለ ልክ መጠጣቱ፣ ማስመለሱ፣ መክሳቱ፣ የአፉ ሽታ፣ በሸመገለ ውሻ ላይ የኩላሊት መድከም ሲመጣ የሚታየው ነው። 12 ዓመት ደግሞ ለውሻ እርጅና ነው። የኩላሊት ነገር ክፋቱ ምልክቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። አብዛኛው የኩላሊት ክፍል ከደከመ በኋላ ነው ውሻው ታመመ የሚባለው። እናንተ ታኅሣሥ ላይ ያያችሁት ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ የጀመረ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ ሲመጣ ፀጉሩ አምሮ፣ ወዙ ተመልሶ እንደነበረ ራስሽ ጽፈሻል። ያንን ዓረፍተ ነገርሽን መልሰሽ አንብቢው።

ስለ ፌስታሉ ግን አልዋሽሽም፤ እሱ አሳስቦኛል። ለወቀሳ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ለቡችላው ስለሚጠቅም ነው። ሽታው እንዴት ነበር? ኮምጠጥ ያለ፣ የቆየ ዘይት የሚሸት ነበር? እርጥበት ነክቶት ይሆን? ምን ያህል ጊዜስ በላው? ደረቅ ምግብ ላዩ ላይ ቅባት ይረጭበታል። ከረጢቱ ተከፍቶ ሲቆይ ቅባቱ ይበላሻል። በኪሎ ሲሸጥ ደግሞ የተመረተበትም የሚያበቃበትም ቀን ከከረጢቱ ጋር ይቀራል፤ ለውሻ ይሁን ለድመት፣ ለቡችላ ይሁን ለአዋቂ አይታወቅም። ምናልባት ምንም አላደረገውም። ምናልባት የደከመ ኩላሊትን አባብሶ ይሆናል። አሁን ይህን የሚያረጋግጥልሽ ሰው የለም። አንቺ የገዛሽው ግን ውሻው እንዳይራብ ብለሽ ነው። በወቅቱ ያላወቅሽውን ነገር ዛሬ ላይ ሆነሽ ራስሽን አትክሰሺበት።

«የፋብሪካ ምግብ ይገድላል» የሚለው ወሬ ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን አሜሪካ ብዙ ድመቶችና ውሾች በኩላሊት ጉዳት አለቁ። ሲጣራ ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን የሚባል ኬሚካል ተገኘ። ፕሮቲኑ ከፍ ያለ እንዲመስል ብለው ነበር የጨመሩት። ሜላሚኑ ሲያኑሪክ አሲድ ከሚባል ሌላ ነገር ጋር ሆኖ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ያኔ በጣም ብዙ ምግብ ከገበያ ተሰበሰበ። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ እህል የሌለበት ተብሎ በአተርና በምስር የተሠራ የውሻ ምግብ ከልብ በሽታ ጋር ይያያዝ እንደሆነ መመርመር ጀመረ። ቁርጥ ያለ ምክንያት አልተገኘም፤ ጥርጣሬው ግን ሰውን አስጠነቀቀ። ስለዚህ እናትሽ ዝም ብለው አልፈሩም።

በዚያው ልክ ግን የከረጢት ምግብ ያዳነውም ብዙ ነው። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል። ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው፤ ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም። ሲጎድልባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይሰፋና ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1987 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ያን ጊዜ በድመቶች ላይ ይታይ የነበረው የልብ በሽታ ከታውሪን ማነስ እንደሚመጣ አሳዩ። የሚገርመው፣ የታመሙት ድመቶች የፋብሪካ ምግብ ይበሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምራቾቹ ታውሪኑን ጨመሩ፣ በሽታውም በጣም ቀነሰ። ፋብሪካው አጥፍቶም አስተካክሎም ያውቃል ማለት ነው። ጥሩ አምራች፣ ቀኑ ያላለፈ፣ በደንብ የተያዘ ምግብ ለጤነኛ ውሻና ድመት መርዝ አይደለም። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ።

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ከእናትሽ ጭልፋ የሚወጣው ነው። ይህን ስል ክፉ አስበው አይደለም፤ ከእኛ ቤት ሁሉ የሚወጣው ያው ነው።

የወጣችንን መሠረት አስቢው። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ስንት ሽንኩርት ይከተፋል? ነጭ ሽንኩርቱስ? ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ድመት ላይ ይብሳል። ጥሬም ይሁን የተቁላላ፣ በርበሬ ውስጥ የተፈጨም ይሁን ያው ነው። ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ እንስሳው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያኔ የፋሲካው ወጥ ትዝ የሚለው ሰው የለም። የዶሮው አጥንትም አለ። የተቀቀለ አጥንት እንደ ስለት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ሻጋታስ? እንጀራው አረንጓዴ ሲል «ለውሻው ስጡት» እንላለን። የነቀዘውንና የሻገተውን በቆሎም ፈጭተን ቂጣ እንጋግርለታለን። ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጨርሳል፤ ብናበስለውም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይኸው መርዝ የፋብሪካ ምግብም ውስጥ እየገባ ውሾች ገድሏል። በቆሎው ጎተራ ውስጥም ይሻግት ፋብሪካ ውስጥ፣ መርዙ አንድ ነው።

ሳንባው ደግሞ ለእናንተም ነው የማስበው። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። «ይህ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። እዚያ ውሃ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የሌላ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጆችሽ ውሻውን ሲያሻሹ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ወደ እነሱ ይተላለፋል። ዓመታት ቆይቶ ጉበታቸው ወይም ሳንባቸው ላይ ያንኑ የውሃ እብጠት ያበቅላል፤ አንዳንዴ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ውሃ የቋጠረው ተቃጥሎ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ። ለቡችላው ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪሙን ጠይቂው።

እናትሽ የለመዱት ሁሉ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር ሺህ ዓመታት ኖሮ እህል መፍጨት ችሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ውሻ እህል የሚፈጭበት ጂን ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እንጀራ ለመከታ ባዕድ አልነበረም። ድመት ግን ሌላ ናት፤ ያለ ሥጋ አትኖርም።

ይህ ወደ ሁዳዴ ያመጣኛል። 55 ቀን ቤታችሁ ሥጋም ወተትም አይገባም። ሽሮ ፍትፍት ለነብሮ ሆድ መሙያ ነው፤ ያውም ሽንኩርት አለበት። አይጥ የሚያድን ከሆነ የሚያስፈልገውን ከአይጧ ያገኛል። ግን በሰፈራችሁ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ካለ እሱም ሌላ ጣጣ ነው። በጾም ወቅት ከረጢቱ ለድመትሽ ትልቅ ነገር ነው። እናትሽ የነነዌን ጾም አንሥተው «እንስሳቱስ ጾመው የለ?» ቢሉሽ፣ ያ ሦስት ቀን ነበር በያቸው። የፍስክ ሽታው ማጀት እንዳይገባባቸው ምግቡ ውጭ በረንዳ ላይ ይቀመጥ፣ ሳህኑም ማንኪያውም ለብቻው ይሁን። ይህን ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ ብታደርጊላቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ቡችላውን በሚመለከት፣ እሱ እያደገ ነው፤ አጥንቱ ካልሲየም ይፈልጋል። እንጀራና ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ እግሩ ሊጣመም ይችላል፤ ሥጋ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሱ ዋናው ምግብ ለቡችላ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ከረጢቱ ላይ «ፐፒ» እና «ኮምፕሊት» የሚሉትን ቃላት ፈልጊ። «ኮምፕሊት» ማለት ሌላ ሳይጨመርበት ለብቻው የሚበቃ ምግብ ነው። ይህ የሌለበት ለማባበያ የሚሰጥ ነው። ካሁን በፊት ወጥ ስለለመደ በአንድ ቀን አትቀይሪበት። በሳምንት ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ አሸጋግሪው፣ አለዚያ ያስቀምጠዋል። ምግቡን ከነከረጢቱ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ አስቀምጪ፤ ገልብጠሽ አታፍሺው። የማርቆስ ክረምት እርጥበቱን ታውቂዋለሽ። ከምድጃ አጠገብም አይሁን። ትልቁን ከረጢት ከማስመጣት ትንሹን ብታስመጪ ሳይቆይ ያልቃል። ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባቱን አስወጊው።

እናትሽን በሚመለከት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ጨረስሽብኝ» ሲሉ ስለ መከታ ብቻ ይመስልሻል? ባላቸውን ቀብረው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ከማቻከል ማርቆስ መጥተው የቀራቸው ያ ውሻ ነበር። ያበሉት የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ከረጢቱ ሲመጣ ያም ከእጃቸው ወጣ። እኔ እንደማየው ቁጣቸው ውስጥ ይህ አለ። ልትከራከሪያቸው አትግቢ፤ የ2007ቱንም የ1987ቱንም ለሳቸው መንገር አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ፣ ልጆቹ ሳይኖሩ፣ «እማዬ፣ መከታ ለኔም የአባዬ ማስታወሻ ነበር፤ ያልሽኝ ቃል ግን ልቤን ሰብሮታል» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጫቸው። ካለቀሱም ያልቅሱ፤ ይውጣላቸው።

የማብላቱን ሥራም መልሺላቸው። ቡችላውን ጠዋት ማታ የሚያበሉት እሳቸው ይሁኑ። ከከረጢቱ የሚለካው በስኒ ይሁን። የሚያበስሉለትም ነገር ይኑራቸው፤ ትንሽ ሩዝ ወይም ቂንጬ፣ በደንብ የፈላ ሥጋ፣ ካሮት፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው። ከጠቅላላው ምግብ አንድ አሥረኛውን ካላለፈ ቡችላውን አይጎዳውም፤ እናትሽን ግን ያስደስታቸዋል። ወጥ ሊሠሩ ሲሉ ሽንኩርቱ ሳይገባ ቁራጭ ሥጋ ለብቻ ያውጡለት።

ባለቤትሽ ስለ ወጪው የሚለውን አትናቂው። ሰው በተቸገረበት ጊዜ ጎረቤት ፊት ከረጢት ማስገባት እሱንም አሳፍሮት ይሆናል። ብሩ የወንድምሽ ነው ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። በወር ስንት እንደሚፈጅ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ወንድምሽንም ጠይቂው፤ መከታ ሲሞት ስለ እናታችሁ ቃል ነግረሽዋል? ካልነገርሽው እሱ ርቆ ሆኖ የሚያውቀው ከረጢቱን ብቻ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ወንድሜ፣ የምትልከው ምግብ ጠቅሞናል። አሁን ግን የቡችላና የድመት ለየብቻ፣ በትንሽ በትንሹ ከረጢት ላክልን። ትልቁን ከረጢት የምትተውበትን ብር ደግሞ ለክትባትና ለትል መድኃኒት አድርገው። ለእማዬም ደውልላት፤ ስለ መከታ አውራት።»

ነብሮ አንዴ የተዘጋ ስለሆነ ሊመለስበት ይችላል። የሚሸናበትን ቦታ እስከ ፋሲካ በየቀኑ ተመልከቺ። ጠብታ ብቻ ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪሙ ደውዪ።